ዳንቴል የለበሰው ባትሪ

ባለቤቴ መስማት ያቃተው በአንድ ጀንበር አይደለም። መጀመሪያ የስልኩን ጥሪ መስማት ተወ፤ ቀጥሎ የበሩን መንኳኳት፤ ከዚያ እኔን። እኔን መተዉን ለብዙ ጊዜ እንደ ንቀት ቆጥሬበታለሁ። «ጆሮ ዳባ ልበስ ካለ ሰነበተ» እያልኩ ለደንበኞቻችን አማዋለሁ፤ ደንበኞቹ ይስቃሉ፤ እሱም ገንዘብ መቀበያው ጋ ተቀምጦ አብሮ ይስቃል። በኋላ አንጀቴን የበላው ይኸው ሳቁ ነው። ነገሩ ያመለጠው እንዳይመስል ብሎ ሰው ሲስቅ እያየ ይስቅ ነበር።

ምግብ ቤታችን ጁባ፣ ንያኩሮን የሚባል ሰፈር ነው። መብራት የሚገባላቸው ሰፈሮች አሉ ይባላል፤ እኛ ጋ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ስለዚህ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ ጄኔሬተር አለን፤ አስነሺውም፣ ጠጋኙም፣ አስታማሚውም ባለቤቴ ነው። ድምፁ ትንሽ ከተለወጠ ጆሮውን ከብረቱ አስጠግቶ ሕመሙን ያዳምጥለታል። እኔ ሳስል ዞር ብሎ የማያይ ሰው፣ ጄኔሬተሩ አንዴ ካነጠሰ ምሳውን ጥሎ ይሮጣል እያልኩ ስቀልድ ኖሬአለሁ። ቀልዱ ለካ ዋጋ ነበረው። አዲስ አበባ የመረመረው ሐኪም ጆሮውን የጎዳው የዓመታት ጩኸት መሆኑን ነገረን፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ግን እናትርፍ ብሎ ከጆሮ ኋላ የሚንጠለጠሉ ሁለት ትንንሽ መስሚያዎች አዘዘለት። ዘወትር ካላደረጋቸው አእምሮው ድምፅ መለየቱን እየረሳ ይሄዳል አለ። ይህን ሲናገር እኔን ነበር የሚያየው።

ጁባ ተመልሰን መስሚያዎቹን አንድ ቀን ብቻ አደረጋቸው። አመሻሽ ላይ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸውና፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ጄኔሬተሩን ነቅለው ጭንቅላቴ ውስጥ ተከሉብኝ» አለኝ። እውነቱን ነው። የእኛ፣ የጎረቤቱ ሆቴል፣ የማዶው ማተሚያ ቤት፣ ሁሉም ተሰብስበው ጆሮው ውስጥ ገቡ። ከዚያ ወዲያ መስሚያዎቹ ቻርጅ ላይ አልተደረጉም። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አኮረፍኩት። በዝምታው ውስጥ ተመቻችቶ እየተቀመጠ መሆኑን ሳይ ግን ፈራሁ። አንድ ማዕድ እየቆረሰ፣ አንድ አልጋ ላይ እየተኛ፣ ቀስ በቀስ እኔ ልገባበት የማልችልበት ቦታ ሊሄድብኝ ነበር።

መላው የመጣው ከሁለት ደንበኞቻችን ነው። እርዳታ ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ ናቸው፤ ለሥራ ወጣ ሲሉ መኪናቸው ውስጥ ያድራሉ። አንድ ቀን ምሳ እየበሉ በስልካቸው ያነሱትን አሳዩኝ፤ ከመኪናው ኋላ ፍራሽ ተነጥፏል፣ ትንሽ ማቀዝቀዣ አለ፣ አምፖል በርቷል፤ ይህን ሁሉ የሚያሠራው እጀታ ያለው፣ የመሣሪያ ሳጥን የሚመስል ባትሪ ነው። «ድምፁስ?» አልኳቸው። «ድምፅ የለውም» አሉኝ። የያዝኩትን ትሪ አስቀመጥኩ። ጄኔሬተር የሌለበት ቦታ፣ ጠዋት ላይ፣ ባለቤቴ መስሚያውን አድርጎ ሲቀመጥ በዓይኔ መጣብኝ። ሊሰማው የሚገባ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ቢሰማ መስሚያዎቹን አይጥላቸውም ብዬ አሰብኩ። ያ ካልሆነ ሌላ መላ አልነበረኝም።

በማግስቱ ቦዳቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌት ይዤ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ወረድኩ። የሶላርና የስልክ ዕቃ የሚሸጥ ደንበኛ አለኝ፤ የዚሁ አገር ሰው ነው፤ ልጅነቱን ኢትዮጵያ ውስጥ በስደተኞች ጣቢያ ስላሳለፈ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል። «ማዘር፣ ኢታ ኬፍ? እንዴት ነዎት? ዛሬ ደግሞ ምን ተበላሸ?» አለኝ። ነገርኩት። ሦስት ሳጥኖች ፊቴ ደረደረ። እኔ ወዲያው ትልቁን፣ የሚያብረቀርቀውን ወደድኩ።

«ያንሱት እስቲ» አለኝ። አነሳለሁ ብዬ ወገቤን ልቀነጥስ ነበር።

«ሁለት ቁጥር ነው የሚያዩት» አለ፣ በጣቱ እያሳየኝ። «ጀሪካን ይበሉት። ይሄኛው ቁጥር ምን ያህል እንደሚይዝ ነው፤ ይሄኛው ደግሞ አፉ ምን ያህል እንደሚያፈስ። እርስዎ ምድጃ አይሰኩበትም። ስለዚህ አፉ ባይሰፋም ግድ የለም፣ ሆዱ ይበቃችሁ እንደሆነ ነው የሚያዩት። ምን ሊያሠሩበት ነው?»

«ቬንትሌተር» አልኩት። በዚህ ሙቀት እንኳን መኪና ውስጥ፣ ደጅም ተኝቼ ያለ ቬንትሌተር እንቅልፍ አይወስደኝም። «ደግሞ የባለቤቴን የጆሮ መስሚያ ቻርጅ ማድረጊያ፤ ግድግዳ ላይ የሚሰካ ነው።»

ሁለት ተመሳሳይ ቁጥር የተጻፈባቸውን ሳጥኖች በሁለት እጄ አስያዘኝ። አንደኛው ከሌላው በጣም ይቀላል። «ይሄ ውሸታም ነው» አለኝ፣ ቀላሉን እየወሰደ። «ቁጥር ይጻፋል፣ ክብደት ግን አይጻፍም። ይሄን ለማያውቁኝ ነው የምሸጠው።» ራሱ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከባዱን ከፍቶ ቬንትሌተር ሰካበትና በርጩማ አቀረበልኝ። «ይቀመጡ፤ ሳያዩት አይግዙ።»

እዚያ ግርግር መሃል ተቀመጥኩ። ተሸካሚዎች «ያላ፣ ያላ» እያሉ ጆንያ ይዘው ያልፋሉ፤ ሙዚቃ አለ፤ የወፍጮ ድምፅ አለ። ፊቴ ላይ ግን ንፋስ ብቻ ነው። ከንፋሱ ኋላ የሚጮህ ነገር አለመኖሩ ደጋግሞ ያስገርመኛል፤ ዞር እያልኩ ሳጥኑን አየዋለሁ። ከመቶ የሚቆጥረው ቁጥር በዝግታ ይወርዳል፤ ዘጠና ዘጠኝ፣ ቆይቶ ዘጠና ስምንት። ዓይኔ ከበደኝ። ወንዝ ዳር የተቀመጥኩ መሰለኝና ለትንሽ ጊዜ እንቅልፍም ሕልምም ያልሆነ ነገር ወሰደኝ። ስነቃ ሰውዬው በፈገግታ እያየኝ ነበር።

ዋጋ ላይ እንደ ወጉ ተጨቃጨቅን፣ እንደ ወጉ ታረቅን። ሳጥኑን ከሚታጠፍ የሶላር ሰሌዳ ጋር እየጠቀለለ፣ «ሁለት ነገር አይርሱ» አለኝ። «የሶኬቱን ቁልፍ ሲጨርሱ ያጥፉት፤ ምንም ባይሰኩበትም እሱ ራሱ ይበላል። ሌላው፣ ሲሞቀው ይጮሃል። ከጮኸ መሙላቱን አቁሟል ማለት ነው።»

«ሲሞቀው የሚጮህማ እኔ ነኝ» አልኩት።

ከከተማ ወጥተን መኪና ውስጥ ለማደር እንዳሰብኩ ሲሰማ የራሱ እናት ከድልድዩ ማዶ፣ ከሸሪካት ሰፈር አልፎ፣ ወንዙ ዳር አትክልት የምትተክልበት ቦታ እንዳላት ነገረኝ። «አጥር አለ፣ ውሻ አለ፣ እናቴ አለች። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም። ብቻ ከመጨለሙ በፊት ይድረሱ፤ በዚያ መንገድ በጨለማ አይነዳም።»

ባለቤቴ ሳጥኑን ሲያይ መጀመሪያ እንደ ጣውንት ነው ያየው። «ይሄ ምን ሊሠራ መጣ?» ብሎ መዳፉን ጫነበት። ጄኔሬተሩን የሚያውቀው በመዳፉ ነው፤ ጤናውን በንዝረቱ ይለያል። ቬንትሌተሩ እየዞረ ሳለ እጁን ከሳጥኑ ላይ ሳያነሳ ቆየ። «ምንም አይንቀጠቀጥም» አለኝ፣ እንደ ሕፃን ዓይኑን አፍጥጦ። በዚያች ደቂቃ በጣም ወደድኩት።

ለአንድ ሳምንት በፀሐይ ሞላነው። ሰሌዳውን ግቢያችን ውስጥ ዘረጋሁት፤ የጎረቤታችን ማንጎ ግን ጥላዋን ያለማቋረጥ ታንቀሳቅሳለች። የአንዲት ቅርንጫፍ ጥላ ጥጉን ብትነካው ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሰሌዳውን ይዤ ፀሐይን ስከተል እውላለሁ፤ ጠዋት አጥሩ ሥር፣ እኩለ ቀን ገንዳው ጋ፣ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ። ባለቤቴ ሁለት ቀን ሳቀብኝ። በሦስተኛው ቀን ገንዘብ መቀበያውን ትቶ ወጣና ሌላኛውን ጫፍ ያዘ። አንድ ላይ አነሳነው፣ አንድ ላይ አዞርነው፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግነው። ከዚያ ወዲያ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ እየመጣ በእጁ ይጠራኝ ጀመር። አመሻሽ ላይ ግቢው ውስጥ ቬንትሌተሩን ከፍተን ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ ቀን የሞላነውን እንጨርሰዋለን፤ በማግስቱ ደግሞ ከባዶ እንጀምራለን። እነዚያ ቀናት አሁን ሳስባቸው አንድ ረጅም ከሰዓት በኋላ ይመስሉኛል።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር። እኔ ቤት ራቁቱን የሚቀመጥ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ማቀዝቀዣው አለው፣ የጋዙ ሲሊንደር እንኳ ቀሚስ አለው። የጁባ አቧራ ደግሞ ሰበብ ሆኖልኛል። ሳጥኑም የቤተሰብ አባል ሆኗልና ነጭ ዳንቴል ሠራሁለት፤ ጠርዙ ቢጫ፣ አራቱም ጎኑ እስከ ታች የሚወርድ። ዳንቴሉ ብቻ ቢሆን በቀዳዳው በኩል ይተነፍስ ነበር፤ እኔ ግን አቧራ እንዳያስገባ ብዬ ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ ሰፋሁበት። ማየት ነበር እንዴት እንዳማረበት!

የመሄጃችን ቀን ሰማዩ ደመና ሆነ። ለዚያች ቀን ስንል ምግብ ቤቱን ዘግተናል፤ ዕቃ የምናመላልስበትን አሮጌ ቫን ወንበር አውጥተን ፍራሽ አንጥፈንበታል። «ፀሐይሽ የለችም» አለኝ ባለቤቴ፣ ትንሽ ደስ እያለው። ሳጥኑን ከጄኔሬተሩ መስመር ላይ ሰካው፤ እሱም አጠገቡ ወንበር አድርጎ ጋዜጣውን ይዞ ተቀመጠ። እኔ ከሳጥኑ ሥር ያለው የራሱ ማቀዝቀዣ ማራገቢያ አቧራ እንዳይስብ ብዬ ዳንቴሉን አለበስኩትና የምንበላውን ለማዘጋጀት ወጥ ቤት ገባሁ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ልጭነው ብዬ ስነካው ጨርቁ እጄን አቃጠለኝ። ገልጬ አየሁ። አሥራ አንድ ይላል፤ ከመቶ አሥራ አንድ። የማስጠንቀቂያው ቀይ ምልክት እየበራ ይጠፋል፤ በቀጭን ድምፅ እየጮኸም ነበር። ስንት ሰዓት እንደጮኸ እንጃ።  ባለቤቴ አንድ ክንድ እንኳ በማይርቅ ቦታ ተቀምጦ ጋዜጣውን ይገልጣል።

ትከሻውን ነቀነቅኩት። «አጠገብህ እየጮኸ እንዴት አትሰማም?» አልኩት።

አፌን በቆረጠው። ጄኔሬተሩ እየሠራ ስለነበር ቃሌን አልሰማም፤ ግን ከንፈሬን እያየ ነበርና ገባው። ፊቱ ላይ ቁጣ ቢመጣ ይሻለኝ ነበር። ጋዜጣውን አጠፈ፤ ከደረት ኪሱ የመስሚያዎቹን ማስቀመጫ አወጣ። ለጉዞው ይዞት ነበር ማለት ነው፤ እኔ ሳልለምነው። ሄዶ የገንዘብ መቀበያው መሳቢያ ውስጥ ከተተውና ዘጋው። «ሳይመሽ እንሂድ» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው ዳንቴሉ እጄ ላይ እንዳለ ያየሁት። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ሳጥኑን ያፈንኩት እኔ፣ አልሰማህም ብዬ የወቀስኩት ደግሞ መስማት የማይችለውን ሰው። «ይቅርታ» ማለት ነበረብኝ፤ ግን መጮህ ነበረብኝ፤ ይቅርታ ደግሞ እንዴት ይጮሃል? ዳንቴሉን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅኩ። እሱ ቫኑን ሲያስነሳ ተመልሼ መሳቢያውን ከፈትኩና መስሚያዎቹንም ከነቻርጅ ማድረጊያው ጨመርኩ።

ድልድዩን ስንሻገር ደመናው ወንዙ ላይ ወርዶ ነበር። የቫኑ የሲጋራ መለኮሻ ከተቃጠለ ዓመቱ ነው፤ ስለዚህ እየነዳን መሙላት አልተቻለም። ሸሪካትን አልፈን፣ አትክልቱ ጋ ስንደርስ ብርሃኑ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። የሻጩ እናት ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ አማርኛቸው ስደተኞች ጣቢያው ገበያ ላይ የተማሩት ነው። «እንኳን ደህና መጣችሁ! ሰላም፣ ኩወይስ፣ ደህና ናችሁ? መንገዱ እንዴት ነበር?» ብለው ባለቤቴን ጠየቁት። እሱ መደቡን እያየ፣ «ሽንኩርቱ አምሮበታል» አላቸው። ሴትዮዋ አንዴ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ በጣም በትህትና ስለ ሽንኩርታቸው ነገሩት።

ልንተኛ ስንል ባለቤቴ ቬንትሌተሩን በእኔ በኩል አዞረና ሳጥኑ ላይ ሰካው። ያለው ኃይል ለጥቂት ሰዓት ብቻ እንደሚበቃ ያውቃል። «ለአንቺ ነው፤ እኔ ምንም አያስፈልገኝም» አለኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ። ሆድ ባሰኝ። እንቅልፍ ሲወስደው ቬንትሌተሩን ነቅዬ የመስሚያዎቹን ቻርጅ ማድረጊያ ሰካሁ። ሁለት ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶች በሩ። ላቤ ከአንገቴ እስከ ወገቤ እየወረደ እነሱን ሳይ ነጋብኝ።

ንጋቱ ላይ ወንዙ አይታይም ነበር፤ ጉሙ ውጦታል። የቫኑን የኋላ በር ከፍተን እግራችንን አንጠልጥለን ተቀመጥን። መስሚያዎቹን አወጣሁና መዳፉ ላይ አስቀመጥኳቸው። ለረጅም ጊዜ አያቸው። ቀጥሎ እኔን አየኝ። አንዱን አደረገ፤ ሁለተኛውን አደረገ።

 አንገቱን ቀስ አድርጎ ወደ ጉሙ አዞረ፤ መልሶ ወደ ዛፎቹ።  «ያ ምንድን ነው?» አለኝ በጣቱ ወደ አጥሩ እያሳየ። አየሁ። «ውሻው ነው፤ ውሃ እየጠጣ ነው» አልኩት። ጉሙ ውስጥ የማይታይ ሰው መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ ይነክራል፣ ያወጣል። ሴትዮዋ ከወዲያ በኩል መሬት እየኮተኮቱ ነው። ባለቤቴ እያንዳንዱን ድምፅ ከየት እንደመጣ በዓይኑ እየፈለገ ያገኘዋል፤ ባገኘ ቁጥር ይስቃል። ይህ ሳቅ የሌላ ሰው ሳቅ ቅጂ አልነበረም።

ከዚያ ዞር ብሎ መብራቱ የጠፋውን ሳጥን አየ። የተነቀለውን ቬንትሌተር አየ፤ በላብ ጀርባዬ ላይ የተለጠፈውን ቀሚሴን አየ።  ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ፣ ጉሙን እያየሁ። «ሳጥኑን በዳንቴል ያፈንኩት እኔ ነኝ። አውቄ ዝም አልኩ። ያን የተናገርኩህን ነገር ደግሞ ይቅር በለኝ።»

 መቅዘፊያው ሁለት ሦስት ጊዜ ውሃውን ነካ።

«ድገሚው» አለኝ።

ያልሰማኝ መሰለኝ። እንደ ልማዴ ደረቴን ሞልቼ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ከዛፉ ላይ ወፎች ተነሱ፤ ውሻው መጠጣቱን አቆመ። ባለቤቴ እጁን ጉልበቴ ላይ አደረገ።

«እሱንማ ሰምቼዋለሁ» አለኝ። «አትጩኺ። ድምፅሽን ልስማው ብዬ ነው።»

 ስንት ዓመት ሙሉ ለዚህ ሰው ስጮህ ብቻ እንደኖርኩ አሰብኩ። እጁን ከጉልበቴ ላይ አላነሳም፤ ይጠብቀኛል። እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩና ስለ ዳንቴሉ፣ ስለ ጨርቁ፣ ስለ ቢጫው ጠርዝ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ በቀስታ ነገርኩት።